ወርኃዊቷ መርፌ

ሰሞኑን እዚህ ቀራንዮ አንዲት ጎረቤቴ የልጅ ልጃቸው ወርኃዊ መርፌውን ካቆመ መክረሙን አጫወቱኝ። «ድኗል እኮ፤ ከእኩዮቹ ጋር ኳስ ይራገጣል፣ ለምን ይወጋ?» አሉ። እኔም ስለ ዶክተር በላይ አበጋዝ አነሳሁባቸው።

ዶክተር በላይ የሕፃናት የልብ ሐኪም ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃን መሠረቱ። ያኔ ለልብ ቀዶ ሕክምና ልጆችን ውጭ አገር መላክ ነበረባቸው። አንድ ልጅ ለመላክ ስንት በር እንደሚንኳኳ ወላጅ የሆነ ይገምተዋል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለው የልብ ማዕከል የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ሃያ ዓመት! እኔን የሚገርመኝ ከሕንፃው ይልቅ አለመታከታቸው ነው።

ብዙ ልጆችን ለቀዶ ሕክምና ከሚያደርሱት አንዱ ግን ከጉሮሮ የሚጀምር ሕመም ነው። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ቶንሲል ያስነሳል። በወቅቱ ካልታከመ የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያና የልብ ቫልቭ ያጠቃል። ትኩሳቱና ቁርጥማቱ ያልፋል፣ የቫልቩ ጠባሳ ይቀራል። ቫልቩ ሲጠብ ደም ከኋላው ይጠራቀማል፤ የልብ የላይኛው ክፍል ይለጠጣል፤ ውሎ አድሮም የልብ ምት ይዛባል። ክፍሉ በወጉ መምታት ትቶ ይርገበገባል፣ የቆመው ደም ይረጋል። የረጋው ደም ወደ አንጎል ከሄደ ደግሞ በወጣትነት ጎን የሚያሽመደምድ ስትሮክ ይመጣል። (ጤነኛ ልጅ አየር ሲስብ ምቱ ትንሽ ፈጠን፣ ሲያስወጣ ዘግየት ቢል ግን አትደንግጡ፤ የተለመደ ነው።)

ታዲያ በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ የምትሰጠው የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ የትናንቱን ጠባሳ አታጠፋም። ሥራዋ ቀጣዩን የጉሮሮ ሕመም መከላከል ነው፤ በሽታው በተመላለሰ ቁጥር ቫልቩ ይብስበታልና። ልጁ ሮጠ ማለት ቫልቩ ዳነ ማለት አይደለም።

አያቶች፣ እንጥል ማስቆረጥንም ተዉት። ባክቴሪያውን አያጠፋም፤ መድማትና ማመርቀዝ ግን ያስከትላል። ጉሮሮውን ያመመው ልጅ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ የታዘዘለትንም መድኃኒት ቢሻለውም ይጨርስ።

መርፌዋ መቼ እንደምትቆም የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ልቡ ላልተነካ ልጅ ብዙ ጊዜ እስከ 21 ዓመቱ ድረስ ትቀጥላለች፤ ቫልቩ ለተጎዳ እስከ 40 ዓመቱ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ።