ከጀበል አሊ እስከ ሐታ ኬላ፦ ብቻን ወይስ ሰው ይዞ?

ዱባይ፣ ጀበል አሊ ነፃ ቀጠና ውስጥ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ፣ ዕረፍቱን አስታኮ በመኪና መንገድ ኦማን ደርሶ ለመመለስ ሲያስብ ሁለት ዓይነት መካሪ ያጋጥመዋል። አንዱ «መንገዱ ሰላም ነው፣ ቲኬትህን ቁረጥና ሂድ» ይለዋል። ሌላው «ቋንቋ ሳትችል ኬላ ላይ ብቻህን ምን ልትሆን ነው? ወይ በአውሮፕላን ሂድ፣ ወይ ሰው ይዘህ ሂድ» ብሎ ያስጠነቅቀዋል። ተጓዧ ሴት ስትሆን ሁለተኛው ወገን ይበዛል፤ «እህቴ፣ ተይ ይቅርብሽ» የማይላት የለም። ሁለቱም ለወገናቸው አስበው ነው የሚናገሩት። ስለዚህ ነገራቸውን አንድ በአንድ ማየት ይገባል።

ሂድ ባዩ ብዙ የሚያሳየው አለው። የኦማኑ ሙዋሰላት ድርጅት በፌብሩዋሪ 2024 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከሻርጃው አል ጁበይል አውቶቡስ ጣቢያ ወደ ሙስካት መደበኛ መስመር ከፍቷል፤ ሲጀምር ዋጋው 100 ድርሃም ገደማ ነበር። ከዱባይ ተነስተው በሐታ በኩል የሚያልፉ አውቶቡሶችም አሉ። ሐታ ከከተማው 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሐጀር ተራሮች መካከል ያለች የዱባይ ግዛት ናት፤ ማዶዋ የኦማኑ አል ወጃጃ ኬላ ነው። ሐታ ኬላ ሲደርሱ ከአውቶቡስ ይወረዳል፣ 35 ድርሃም ገደማ የመውጫ ይከፈላል፣ ማህተም ተመትቶ ተመልሰው ይሳፈራሉ። ኦማን በኩል እንደገና ወርዶ ቪዛ ማሳየትና ሻንጣ ማስፈተሽ አለ። ሁሉም በሰልፍ ስለሆነ፣ ዐረብኛ የማይችል ሰው እንኳ ከፊቱ ያለው የሚያደርገውን እያየ ይከተላል። መኮንኑ የሚጠይቀውም ውስን ነው፤ የት ትሄዳለህ፣ ስንት ቀን ትቆያለህ፣ ሥራህ ምንድን ነው፣ የት ታርፋለህ። «ዚያራ» (ጉብኝት)፣ «ሹጉል» (ሥራ)፣ «ኢቃማ» (የመኖሪያ ፈቃድ) የሚሉትን ቃላት ደግሞ ዓረብ አገር ዓመት የቆየ ሰው አይስታቸውም። ሰው ቤት ሠርታ የምታውቅ እህት እንዲያውም መጋዘን ከሚውለው ወንድሟ የተሻለ ዐረብኛ አላት። እሱ በሥራ ውሎው የለመደው በአብዛኛው ሂንዲና ኡርዱ ነው።

ተው ባዩን ግን ፈሪ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። እኛን ኢትዮጵያውያንን መስኮቱ ላይ የሚያሰናክለን ብዙ ጊዜ የዐረብኛ እጥረት ሳይሆን የገዛ አቆጣጠራችን ነው። በ1988 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ ፓስፖርቷ ላይ 1996 ተብሎ ተጽፎላታል እንበል። መኮንኑ ፓስፖርቷን ይዞ «የተወለድሽበት ዓመት?» ሲላት፣ ደንግጣ ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀውን 1988 ትለዋለች። ለሱ ያለው አማራጭ ሁለት ነው፤ ወይ ዋሽታለች፣ ወይ ፓስፖርቱ የሷ አይደለም። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ሹፌሩ «በ3 ሰዓት እንነሳለን» ሲል ከቀትር በኋላ ማለቱ ነው፤ በእኛ 9 ሰዓት። እሷ ግን ጥዋት ወይም ማታ 3 ሰዓት ላይ ልትጠብቀው ትችላለች። ስምም አለ። ፓስፖርት ሰብስቦ የሚመልስ ሰው በአያቷ ስም ሲጣራ፣ በዚያ ስም ተጠርታ የማታውቅ ሴት ዝም ብላ ትቆማለች። «ስልኬ ይተረጉምልኛል» የሚሉም አሉ። በኤሚሬቶች ሲም ተራራውን ሲያልፉ ኢንተርኔቱ ሊቋረጥ እንደሚችል፣ ፎቶ ማንሳት በተከለከለበት ኬላ ላይ ደግሞ ስልክን ወደ ጽሑፍ ወይም ወደ ሰው ማነጣጠር ሌላ ጥያቄ እንደሚያስነሳ ማወቅ አለባቸው።

ከዚህ ሁሉ በታች ደግሞ ከሐታ ጋር የማይገናኝ ፍርሃት አለ። በጅቡቲዋ ኦቦክ በኩል ባሕር ተሻግሮ፣ በየመን አቋርጦ ሳዑዲ የሚያደርሰው መንገድ ብዙ ልጆቻችንን በልቷል። ሂዩማን ራይትስ ዎች በኦገስት 2023 ባወጣው ሪፖርት፣ ከማርች 2022 እስከ ጁን 2023 የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን መግደላቸውን አስፍሯል፤ ሳዑዲ አረቢያ አስተባብላለች። ወሎ ያለች እናት ልጇ «በመኪና ድንበር ልሻገር ነው» ሲላት የሚታያት ይህ ነው። ቪዛ ይዞ በአውቶቡስ ሐታን ማለፍ ሌላ ነገር መሆኑን ማስረዳት ይገባል እንጂ፣ ስጋቷን ማጣጣል ነውር ነው።

እኔ ግን ሁለቱም ወገኖች ቋንቋ ላይ ተጠምደው ወረቀቱን የዘነጉት ይመስለኛል። ከኤፕሪል 2022 ወዲህ የኤሚሬቶች የመኖሪያ ፈቃድ ፓስፖርት ላይ አይለጠፍም፤ ኢቃማው የኤሚሬትስ መታወቂያው ነው። መታወቂያውን አልጋው ላይ ትቶ የወጣ ሰው፣ ዐረብኛው እንደ ውኃ ቢፈስለትም ይጉላላል። በ2022 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ ሠራተኛዋ መታወቂያ ሰነዶቿን ራሷ እንድትይዝ መብት ሰጥቷታል። ሆኖም ፓስፖርታቸው ዛሬም በአሠሪያቸው መሳቢያ ውስጥ የተቆለፈባቸው አሉ። እንዲህ ላለችው ሴት የድንበሩ ጥያቄ ኬላ ላይ ሳይሆን ያ መሳቢያ ጋ ነው የሚጀምረው።

በጉብኝት ቪዛ ያሉት ደግሞ ጉዳያቸው ለብቻው ይታያል። በ2022 መጨረሻ አገር ውስጥ ሆኖ ቪዛ መቀየር ሲከለከል፣ ብዙ ሰው ቪዛ ለመቀየር በአውቶቡስ ወደ ኦማን ይወጣ ጀመር። ቀን ያለፈበት ሰው በቀን 50 ድርሃም ይቀጣል። አዲሱ ቪዛ ቢዘገይ ደግሞ ማዶ ሆቴል ይዞ መጠበቅ ነው፤ ኪስ ያልቃል፣ የሚያነጋግሩት ሰው የለም። እዚህ ላይ ተው ባዩ በሙሉ ልብ ልክ ነው።

«ሰው ይዘሽ ሂጂ» ሲባል ግን ሰውየው ማን እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጓደኛ ወይም የሥራ ባልደረባ ከሆነ እሰየው። ብዙ ጊዜ ግን ደላላ ነው። ፓስፖርቷን ተቀብሎ መስኮቱ ላይ እሱ ይናገራል፣ እሷ ኋላ ቆማ ትጠብቃለች። በስሟ «ልትሠራ ነው የምትሄደው» ይበል «ልትጎበኝ»፣ አታውቅም፤ በኋላ ችግር ሲመጣ ግን የምትጠየቀው እሷ ናት። በተሰባበረ ዐረብኛ ራሷ የመለሰች ሴት ቢያንስ ምን እንዳለች ታውቃለች። ለዚህ ነው ወረቀቱ የተሟላለትና በእጁ የያዘው ሰው ብቻውን በየብስ ቢሄድ የምደግፈው። ቪዛውን በሮያል ኦማን ፖሊስ የኢ-ቪዛ ገጽ አስቀድሞ ይጨርስ፤ የትውልድ ቀኑን በአውሮፓ አቆጣጠር በቃሉ ያጥና፤ የሚያርፍበትን ሆቴልና የመመለሻ ቲኬቱን በወረቀት አሳትሞ ይያዝ፤ የአያቱ ስም ሲጠራ «አቤት» ይበል። ገንዘቡ ከበቃውና ልቡ ከፈራ፣ የአንድ ሰዓት ገደማ የአውሮፕላን በረራ አለ፤ በዚያ መሄድም አያሳፍርም። የጉብኝት ቪዛዋ ሊያልቅ ቀናት የቀሯትንና ደላላ «እኔ አለሁልሽ» የሚላትን እህት ግን፣ አዲሱ ቪዛ ቢዘገይ ማዶ የምትቆይበትን ገንዘብና ማረፊያ ሳታዘጋጂ ከጀበል አሊ አትነሺ ነው የምላት።