«ይውጣልኝ» ከማለታችን በፊት

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በየቤቱ ያለ፣ ግን ለእህት እንኳ የማይነገር ነው። ሰሞኑን ከዚህ ዓምድ አንባቢዎች አንዷ ደውለውልኝ ነበር። አምስት ልጆች የወለዱ፣ በሃምሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያሉ እናት ናቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ማህፀንሽ ወርዷል፣ ይውጣ አሉኝ። ልጆቼም ‹ከእንግዲህ ምን ያደርግልሻል፣ አስወጥተሽ ተገላገይ› ይሉኛል። እኔ ግን ሳይገባኝ መፈረም ፈራሁ። ከወጣ በቃ፣ ሕመሙ አለቀ ማለት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

እኔ ሐኪም አይደለሁምና ይውጣ ወይም አይውጣ ልላቸው አልችልም። ነገር ግን «ከወጣ አለቀ?» የሚለው ጥያቄያቸው ብዙ ተመራማሪዎችም ዓመታት የደከሙበት ጥያቄ ነው። እነሱ ያገኙትን አንብቤ በዚህ ዓምድ እንደማካፍላቸው ነግሬያቸዋለሁ።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንግባባ። ከዳሌ አጥንታችን ሥር ጡንቻዎችና ጅማቶች እንደ ጠፍር አልጋ ተዘርግተዋል። የሽንት ፊኛን፣ ማህፀንንና የሰገራ መውጫውን አንጀት ደግፈው የያዙት እነሱ ናቸው። በወሊድ ጊዜ ይለጠጣሉ፤ ምጥ ሲራዘም ደግሞ ይጎዳሉ። ዕድሜ፣ ሥር የሰደደ ሳል፣ የቆየ የሆድ ድርቀትና ከባድ ሸክም ይጨመርበታል። የአራስነት ዕረፍቷን ሳትጨርስ እንስራ አዝላ ዳገት የምትወጣን እናት አስቡ። ጠፍሩ ሲረግብ በላዩ ያለው ሁሉ ወደ ታች ይሰምጣል። አንዷ ሴት ከብልቷ ኳስ የመሰለ ነገር ሲወጣ ይሰማታል። ሌላዋ ስትስል ወይም ስትስቅ ሽንቷ ያመልጣታል። ሦስተኛዋ ሽንቷ ተሟጦ አይወጣላትም።

ብዙዎቹ ችግሩን ደብቀው ይኖራሉ። ጨርቅ ደርበው ይወጣሉ፤ ሠርግ ይቀራሉ። ቆሞ ማስቀደስ ወይም መስጊድ ሄዶ መስገድ ያቆማሉ። ከባላቸው አልጋ ይለያሉ፤ ምክንያቱን ግን አይናገሩም። በሰሜን ጎንደር ደባት ወረዳ በ395 ሴቶች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት አለ። የመውረድ ስሜት አለን ብለው የተናገሩት ከ100 ሴቶች 6 ያህል ብቻ ነበሩ። በምርመራ ሲታዩ ግን ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ መውረዱ ተገኘ። ይህ ሁለት ነገር ያስተምረናል። አንደኛው፣ ችግሩ ከሚነገረው በላይ መኖሩ ነው። ሁለተኛው፣ ወርዶ የታየ ሁሉ ሕክምና ያስፈልገዋል ማለት አለመሆኑ ነው። ሕመም ሳይሰማት፣ ኑሮዋም ሳይታወክ በምርመራ ብቻ የተገኘባት ሴት ክትትል ብቻ ሊበቃት ይችላል።

እዚህ ላይ ከፊስቱላ ጋር እንዳናምታታው አደራ። ፊስቱላ በተራዘመ ምጥ ምክንያት በሽንት ፊኛና በብልት መካከል ቀዳዳ ሲከፈት የሚመጣ ነው፤ ሽንቱ ሌት ተቀን ሳያቋርጥ ይፈስሳል። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ላይ የፊስቱላ ሆስፒታሉን የከፈቱት ለዚህ ነበር። ከወሊድ በኋላ ሽንቷ ያለማቋረጥ የሚፈስ ሴት በቤት ውስጥ ልትሞክረው የሚገባ ነገር የለም፤ ቶሎ ወደ ሕክምና መሄድ ነው ያለባት።

አሁን ወደ ጥናቶቹ ልውሰዳችሁ። በቀላሉ ከሚጀመረው፣ ከስፖርቱ ልነሣ። እነዚህን ጡንቻዎች ማሠራት እንደሚጠቅም አሜሪካዊው ሐኪም አርኖልድ ኬግል እ.ኤ.አ. በ1948 ጽፎ ነበር። «ይህ እንኳ የወረደ ማህፀን አይመልስም» ብለው የናቁት ብዙ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት 447 ሴቶችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። በብሪታንያ፣ በኒውዚላንድና በአውስትራሊያ የተሠራ ነው። ግማሾቹ በ16 ሳምንት ውስጥ አምስት ጊዜ ባለሙያ ዘንድ እየሄዱ ለየብቻቸው ሠለጠኑ፤ የቀሩት የምክር ጽሑፍ ብቻ ተሰጣቸው። በዓመቱ የሠለጠኑት ሕመማቸው ከሌሎቹ ቀንሶ ተገኘ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሽንትንና አየርን በአንድ ጊዜ እንደሚይዙ አድርጎ ወደ ውስጥና ወደ ላይ መሰብሰብ፣ ጥቂት ሰከንድ መያዝ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ መልቀቅ። ይህን ከ8 እስከ 10 ጊዜ መደጋገም፣ በቀን ሦስት ጊዜ መሥራት። ትንፋሽ አይያዝ፤ ሆድና መቀመጫም አይወጠር። ውጤቱን ለማየት ቢያንስ ሦስት ወር መታገሥ ያስፈልጋል። በትክክል መሥራታችሁን አንድ ጊዜ ባለሙያ ቢያይላችሁ ደግሞ ይመረጣል፤ ብዙ ሴቶች ወደ ላይ እንደመሰብሰብ ወደ ታች ይገፋሉና።

ሁለተኛው መንገድ ፔሳሪ የሚባለው ነው። ከሲሊኮን የሚሠራ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀለበት የሚመስል፣ በብልት ውስጥ ገብቶ የወረደውን ደግፎ የሚይዝ መሣሪያ ነው። በኔዘርላንድ 440 ሴቶች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ በፔሳሪ፣ ግማሾቹ በቀዶ ሕክምና ጀመሩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ታተመ። ከሁለት ዓመት በኋላ ተሻለን ያሉት በቀዶ ሕክምና ከጀመሩት ከ100 ወደ 82፣ በፔሳሪ ከጀመሩት ደግሞ ከ100 ወደ 76 ነበሩ። ቁጥሩ ይቀራረባል፤ ሆኖም ጥናቱ ፔሳሪ ከቀዶ ሕክምናው አያንስም ለማለት አላስቻለም። በፔሳሪ ከጀመሩት መካከልም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሁለቱ ዓመታት ውስጥ ወደ ቀዶ ሕክምና ዞረዋል። ስለዚህ ፔሳሪ ለሁሉም አይስማማም። ለሚስማማት ግን ቢላዋ ሳይነካት የምትኖርበት መንገድ ነው፤ ቀዶ ሕክምና ለማይችሉ እናቶችም ትልቅ እፎይታ ነው።

ሦስተኛው የደዋይዋ ጥያቄ ነው፤ ማህፀኑ ይውጣ? እዚህ ላይ የጠፍር አልጋውን ምሳሌ አስታውሱ። የተኛውን ሰው ከአልጋው ማንሣት የረገበውን ጠፍር አያጠብቀውም። ማህፀን የወረደው ድጋፉ ስለላላ እንጂ ራሱ ስላጠፋ አይደለም። በኔዘርላንድ አራት ሆስፒታሎች 208 ሴቶች በዕጣ ተከፈሉ። ለግማሾቹ ማህፀናቸው ሳይወጣ ከዳሌ አጥንት ጋር ከተያያዘ ጠንካራ ጅማት ጋር ተሰፋ። ለግማሾቹ ማህፀኑ ወጥቶ ቦታው በጅማቶቹ ተደገፈ። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው የመጀመሪያ ዓመት ውጤት ማህፀንን ማቆየቱ ከማውጣቱ ያነሰ ሆኖ አልተገኘም። በአምስተኛው ዓመት ደግሞ፣ ከላይ ያለው ክፍል እንደገና ወርዶ ያስቸገራቸው ወይም ድጋሚ የተሠራላቸው ማህፀናቸው ከቆየላቸው ከ100 አንድ፣ ከወጣላቸው ከ100 ስምንት ገደማ ነበሩ። ይህ ማህፀን መውጣት የለበትም ማለት አይደለም። የካንሰር ጥርጣሬ፣ ያልተለመደ ደም መፍሰስ ወይም ሌላ የማህፀን ችግር ካለ ማውጣቱ ተገቢ ሊሆን ይችላል። «መውጣት ብቻ ነው መፍትሔው» የሚለው አባባል ግን ልክ አይደለም።

«ከወጣ አለቀ?» ለሚለው ደግሞ የአሜሪካ ሆስፒታሎች በጋራ የሠሩትና በ374 ሴቶች የተጀመረ ጥናት መልስ አለው። ማህፀን ላላቸው ማህፀኑ ወጥቶ፣ ለሁሉም የብልቱ ጫፍ በሁለት ዓይነት ስፌት ተደገፈ። እ.ኤ.አ. በ2018 የአምስተኛው ዓመት ውጤት ሲወጣ፣ በጥብቅ መለኪያ ስፌቱ አልያዘም የተባለላቸው በአንደኛው ዓይነት ከ100 ወደ 62፣ በሌላው ወደ 70 ነበሩ። ቁጥሩ ያስደነግጣል። ግን ቀጥሎ ያለውንም አንብቡ፦ ድጋሚ ሕክምና ያስፈለጋቸው ከ100 ከ8 እስከ 12 ብቻ ናቸው፤ አብዛኞቹም ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከነበሩበት ተሽሏቸው ኖረዋል። ቀዶ ሕክምና ይረዳል። ዕድሜ ልክ የሚቆይ ዋስትና ግን አይደለም።

አራተኛውና የመጨረሻው የመረቡ ታሪክ ነው። ስፌቱ እንዳይላላ ተብሎ ሰው ሠራሽ መረብ በብልት በኩል ማስገባት በአንድ ወቅት በውጭ አገር እንደ ትልቅ ግኝት ተስፋፍቶ ነበር። በብሪታንያ የተሠራ ትልቅ ጥናት ለመጀመሪያ ጊዜ በሚደረግ ጥገና መረቡ በሁለት ዓመት ውስጥ ለሴቶቹ ብልጫ እንዳላስገኘ አሳየ። መረብ ከገባላቸው ከአሥር ሴቶች ከአንድ በላይ በሚሆኑት ላይም መረቡ ራሱ ችግር አምጥቷል። ሥጋ እየቆረጠ የወጣባቸውና ለዓመታት የታመሙ ሴቶች በየአገሩ ድምፃቸውን አሰሙ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለማህፀንና ለፊኛ መውረድ በብልት በኩል የሚገባው መረብ እንዳይሸጥ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2019 አዘዘ። ከዚህ የምንማረው አዲስ የተባለ ሁሉ የተሻለ አለመሆኑን ነው። ሴቶቹ «አመመን» ሲሉ መጀመሪያውኑ ቢሰሙ ኖሮ ጉዳቱ ባልበዛ ነበር።

እንግዲህ ለደወሉልኝ እናትና እንደ እሳቸው ላላችሁ ሁሉ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ሐኪማችሁን የምትጠይቁትን ልጻፍላችሁ። የወረደው ማህፀኑ ነው፣ ፊኛው ነው ወይስ አንጀቱ? አሁን ካልታከምኩ ምን እሆናለሁ? ስፖርቱን ወይም ፔሳሪውን ልሞክር? ማህፀኔን የምታወጡት ለምንድን ነው፤ ሳይወጣ መስፋት አይቻልም? ከወጣስ ቦታው በምን ይደገፋል? መረብ ታስገባላችሁ? ቢመለስስ ምን ይደረግልኛል? ጥሩ ሐኪም በእነዚህ ጥያቄዎች አይቆጣም። ሲጠይቁ ልጅ ወይም እህት አብራችሁ ብትገባ ደግሞ አንዱ የረሳውን ሌላው ይይዛል።

ሽንት እምቢ ካለ፣ የወጣው ሥጋ ከቆሰለ፣ የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ደም ከታየ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ፈጥናችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ባሎችም ይህን ብታነቡት ደስ ይለኛል። ሚስታችሁ አልጋ የለየችው ጠልታችሁ ላይሆን ይችላልና ቀስ ብላችሁ ጠይቋት። ልጆችም ብትሆኑ እናታችሁን «ተገላገይ» ከማለታችሁ በፊት አብራችኋት ሆስፒታል ሂዱ።