የተላከ ምስጢርና የተቀባዩ አደራ

በምዕራብ ጎጃም፣ የዓባይ ምንጭ በሚፈልቅበት በግሽ ዓባይ፣ ከአባቶች ሲወርድ የመጣ ትረካ አለ። ጻድቁ አቡነ ዘርዓ ብሩክ ተይዘው በሚወሰዱበት ጊዜ መጻሕፍታቸውን ለውሃው አደራ ሰጡ፤ ተመልሰው በጠየቁም ጊዜ ውሃው ሳያረጥብ መለሰላቸው ይባላል። የአደራ ሕግ በሙሉ በዚህ ትረካ ውስጥ ይገኛል፤ አደራ ተቀባይ የተቀበለውን አይገልጥም፣ አያበላሽም፣ ለሌላም አያሳልፍም።

ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. በግንቦት ወር ሥራ ከጀመረ፣ ባንኮችም የየራሳቸውን የስልክ መተግበሪያ ካወጡ ወዲህ፣ በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ ባለ ስልኩ ገንዘቡን በእጁ ያዝዛል። ወደ መተግበሪያው ለመግባት የሚጽፈው የይለፍ ቃል ግን ርቆ ተጕዞ ሰርቨር ወደ ተባለው ተቀባይ ማሽን ይደርሳል። ባለ ስልኩ መንገዱንም መዝገቡንም ስለማያይ፣ «ምስጢርህን ጠብቅ» ብሎ እርሱን ብቻ መምከር ግማሽ ምክር ነው፤ ሌላው ግማሽ የተቀባዩ መሥሪያ ቤት ዕዳ ነው።

የመጀመሪያው ዕዳ የመንገዱ ነው። ያልታሸገ ደብዳቤ በመንገድ ያገኘው ሁሉ ያነበዋል። ኤችቲቲፒኤስ የተባለው የመላኪያ ሥርዓት መልእክቱን በምስጢር ጽሕፈት ያሽገዋል፤ የተቀባዩንም ማንነት በምስክር ወረቀት ያረጋግጣል። መተግበሪያ ሠሪው ሥራው እንዲቀልለት ይህን ማረጋገጫ ቢያስቀር፣ ደብዳቤው ታሽጎ ለሐሰተኛ ተቀባይ ሊደርስ ይችላል። ደግሞም የይለፍ ቃሉ በመልእክቱ ውስጥ እንጂ በአድራሻው መሥመር ላይ አይጻፍም፤ አድራሻ በሰርቨሩ የዕለት መዝገብ ላይ ተጽፎ ይቀራልና።

ሁለተኛው ዕዳ የመዝገቡ ነው። ሰርቨሩ የይለፍ ቃሉን ራሱን ማስቀመጥ አያስፈልገውም። ለእያንዳንዱ ሰው የተለየና ባለሙያዎች «ጨው» የሚሉትን ፊደል ጨምሮ፣ ወደ ኋላ በማይመለስና ሆን ተብሎ ዝግ በተደረገ ስሌት ለውጦ፣ ውጤቱን ብቻ ይይዛል። ሰውየው ሲመለስ ስሌቱን ደግሞ ሁለቱን ያስተያያል። ዱቄት ተመልሶ ጤፍ እንደማይሆን፣ መዝገቡ ቢሰረቅም ሌባው ቃሉን በቀላሉ አያገኝም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2009 ሮክዩ የተባለው ድርጅት በተዘረፈ ጊዜ 32 ሚሊዮን ያህል የይለፍ ቃሎች የተገለጡት እንዳሉ ተጽፈው ስለ ተገኙ ነው። በ2019 ደግሞ ፌስቡክ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቈጠሩ የይለፍ ቃሎች በውስጥ መዝገቦቹ በግልጽ መጻፋቸውን አመነ። ትልቅነት ከቸልታ አያድንም።

ሦስተኛው የበረኛነት ዕዳ ነው። ባለ 6 አሃዝ ምስጢር ቁጥር ከ1 ሚሊዮን ዓይነት አያልፍም፤ ስለዚህ ሰርቨሩ የሙከራውን ብዛት ካልወሰነ ማሽን ቁጥሩን ፈጥኖ ይደርስበታል። ከስልኩ የመጣውንም ሁሉ ራሱ መርምሮ እንጂ «መተግበሪያው አጣርቶታል» ብሎ ሊቀበል አይገባም።

ይህ የባለሙያ ነገር ነው የሚል ሹም ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ድልድይ የሚያሠራ ሹም ድንጋይ ባይጠርብም፣ ድልድዩ ጭነት መቻሉን ሳይጠይቅ አይረከብም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላም የሰውን መረጃ መጠበቅ የመልካም ፈቃድ ሥራ ሳይሆን ግዴታ ሆኗል። ሹሙ ራሱ የሚያደርገው ቀላል ፈተናም አለ፤ የይለፍ ቃሌን ረሳሁ ብሎ ይጠይቅ። መሥሪያ ቤቱ አዲስ እንዲያወጣ ካደረገው መልካም ነው፤ የቀድሞውን ቃል ራሱን ከነገረው ግን ምስጢሩን ሊገልጠው በሚችልበት መልክ ይዞታል ማለት ነው።

ካህናትም ምእመኑ የይለፍ ቃሉን ለሰው እንዳይሰጥ ሲመክሩ፣ አደራ ተቀባዩም እንደሚጠየቅ ጨምረው ቢያስተምሩ ምክሩ ይሞላል። ከሰከላ ተራራ ሥር ያለ ገበሬ የሰርቨሩን በር ሊጠብቅ አይችልም። የሚጠብቅለት፣ ቃሉን የተቀበለው መሥሪያ ቤት ነው።