መጎተት ሌላ፣ ማቆም ሌላ

በዓል ሲቃረብ በሬ ጭነው ቄራ የሚገቡትን አይሱዙዎች ልብ ብላችሁ እዩ። ስፖንዳው በአጣና ከፍ ተደርጓል፤ ባሌስትራው ከጭነቱ ብዛት ቀጥ ብሏል። አንድ የሰባ በሬ 4 ኩንታል ቢመዝን 12 በሬ 48 ኩንታል ነው። ያውም እንደ ጤፍ ጆንያ ባለበት የሚረጋ ሸክም አይደለም፤ መኪናው ኩርባ ሲዞር አብሮ ያዘነብላል። አቅሙን የጠየቀ ሰው የሚሰጠው መልስ ግን አንድ ነው፦ «ይጎትታል!»

አዎ፣ ይጎትታል። ሞተር ከልኩ በላይ ቢጫንበት እያቃሰተም ቢሆን ዳገቱን ይወጣል። ጉዱ የሚመጣው ቁልቁለቱ ላይ ነው። ከጎሐ ጽዮን ዓባይ ወንዝ እስኪደረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወረዳል። ክብደቱ እጥፍ ከሆነ፣ በዚያ ቁልቁለት ፍሬኑ ላይ የሚያርፈው ሙቀትም እጥፍ ይሆናል። ሸራው ከመጠን በላይ ሲግል መያዙን ይተዋል። ያኔ «ፍሬን እምቢ አለው» እንላለን፤ አደጋው ግን ገና ሲጫን ተጀምሯል።

ተሳቢ ሲጨመር ደግሞ ሒሳቡ ይበልጥ ይሳሳታል። ፋብሪካው ለመኪናውና ለተሳቢው በድምሩ 40 ቶን ፈቅዷል እንበል። መኪናው ባዶውን 9 ቶን፣ ጭነቱ 15 ቶን ቢሆን የሚቀረው 16 ቶን ነው። ብዙዎች ይህን ሁሉ ተሳቢው ላይ ይጭኑታል። ተሳቢው ራሱ 5 ቶን ከመዘነ ግን መጫን ያለበት 11 ቶን፣ ማለትም 110 ኩንታል ብቻ ነው።

ጉዳቱ በመኪናው ብቻ አያበቃም። አሜሪካኖች በፈረንጆቹ 1950ዎቹ መጨረሻ ኢሊኖይ ውስጥ ካደረጉት የመንገድ ሙከራ በወጣው ስሌት መሠረት፣ 10 ቶን የሚሸከም አክስል 12 ቶን ሲጫንበት አስፋልቱን የሚጎዳው በእጥፍ ነው። ያ አስፋልት የተሠራው በሁላችንም ገንዘብ ነው።

አይሱዙን «አልቃይዳ» ብለን የሰየምነው ጥፋቱን ሁሉ ለሾፌሩ ሰጥተን ነው። ሾፌሩ ግን ብቻውን አይጭንም። ኪራዩ በኩንታል ሲከፈል ባለንብረቱ ኩንታል መጨመር ይፈልጋል፤ ባለዕቃውም በአንድ ምልልስ መጨረስ ይሻላል ይላል፤ ደላላው ሁለቱን ያስማማል። «አልጭንም» ያለው ሾፌር በማግስቱ ቁልፉን ለሌላ ያስረክባል።

ሚዛን ጣቢያዎቻችን ያሉት አውራ ጎዳና ላይ ነው። መኪናው እዚያ ሲደርስ ትርፉ ተጭኖ፣ ቁልቁለቱም ምናልባት ታልፎ ነው። ስለዚህ ሚዛኑ ጭነት በሚነሣበት ቦታ ይቁም፤ በገበያው፣ በመጋዘኑና በከብት መጫኛው። ቅጣቱም ባስጫነው ባለዕቃና በባለንብረቱ ስም ይጻፍ። ትርፍ ኩንታል የሚያተርፈው ሰው ዕዳውንም አብሮ የሚከፍል ከሆነ፣ ሊብሬው ላይ የሠፈረውን የጭነት ልክ ከሾፌሩ ቀድሞ የሚያነበው እሱ ይሆናል።