ከቀረጥ ነፃ ንግድና የከሚሴ አካባቢ ሠራተኛ

የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ከሚሴ የምትገኘው ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ነው። በዚሁ ጎዳና በስተሰሜን ኮምቦልቻ ላይ በሐምሌ 2009 ዓ.ም የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ለዞኑ ወጣቶች ቅርብ ከሆኑት የፋብሪካ ሥራ ዕድሎች አንዱ ነው። ፓርኩ በዋነኛነት የታሰበው ለጨርቃ ጨርቅና አልባሳት በመሆኑ የሠራተኛው እንጀራ ዋሽንግተን ላይ ከወጣ ሕግ ጋር ተሳስሮ ነበር።

ይህ ሕግ አሜሪካ እ.ኤ.አ በ2000 ያወጣችው፣ አጎአ በሚል ምሕጻረ ቃል የሚታወቀው ድንጋጌ ነው። በተለምዶ ስምምነት ይባል እንጂ ሁለት ወገኖች ተደራድረው የፈረሙት ውል አይደለም። ከሰሃራ በስተደቡብ ያሉ አገሮች ምርታቸውን ያለቀረጥ እንዲያስገቡ ይፈቅዳል፤ የገበያ ኢኮኖሚን፣ የሰብአዊ መብትንና የሠራተኛ መብትን የሚመለከቱት መመዘኛዎች መሟላታቸውን የሚወስነው ግን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ነው።

የልዩነቱ ክብደት የታየው በ2014 ዓ.ም ነው። ጦርነቱ ኮምቦልቻንና ከሚሴን ባዳረሰበት በጥቅምት ወር መጨረሻ አሜሪካ ከፍተኛ የሰብአዊ መብት ጥሰትን በምክንያትነት ጠቅሳ ኢትዮጵያን ከተጠቃሚነት እንደምትሰርዝ አስታወቀች። ውሳኔው ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም ጀምሮ ተፈጻሚ ሆነ። መንግሥት እርምጃው ሴቶችንና ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውን ዜጎች እንደሚጎዳ በመግለጽ ተቃውሞታል። ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያም የሁኔታውን በፍጥነት መባባስ ጠቅሶ የሐዋሳ ፋብሪካውን በዚያው ኅዳር ዘጋ። የሠራተኛን መብት በመመዘኛነት የያዘ ሕግ ሲነሳ ቀድሞ የሚጎዳው ሠራተኛው መሆኑ ሊስተዋል ይገባል።

ኢትዮጵያ በመጋቢት 2010 ዓ.ም ኪጋሊ ላይ የፈረመችውና በቀጣዩ ዓመት ያጸደቀችው የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና ስምምነት ግን እውነተኛ ውል ነው። የክርክር መፍቻ ሥርዓት ስላለው አንዱ አባል አገር በራሱ ፈቃድ ብቻ ሌላውን ሊሰርዝ አይችልም። ዋጋውም የዚያኑ ያህል ነው፤ በዝቅተኛ የዕድገት ደረጃ ላይ ያሉ አባል አገሮች ከ90 በመቶ የሸቀጥ ዓይነቶች ላይ በ10 ዓመት ውስጥ ቀረጥ ያነሳሉ። ያኔ የሌላ አፍሪካ አገር ጨርቅ በባቲና በሰንበቴ ገበያ ከኮምቦልቻ ምርት ጎን ይሰለፋል።

ውድድሩ የደመወዝ ቅነሳ ውድድር እንዳይሆን ማድረግ የሚቻለው በአገር ውስጥ ሕግ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መንግሥትን፣ ሠራተኛንና ሌሎች ባለድርሻዎችን የሚወክል፣ ዝቅተኛውን ደመወዝ በጥናት እየመረመረ የሚያሻሽል ቦርድ እንዲኖር ይደነግጋል። ይህን ለመፈጸም የየትኛውም የንግድ ሸሪክ ፈቃድ አያስፈልግም።