ቢል ጌትስ ከዜሮ አልተነሳም! ልጆቻችንን አታሳስቱ!

ዛሬም ሲያትል ኤርፖርት ተራ እየጠበቅሁ ነው። ከፊቴ ያለው ሰልፍ ቶሎ የሚንቀሳቀስ አይመስልም፤ ስለዚህ ጽሑፉ ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡኝ።

አብሮኝ ታክሲ የሚነዳ አንድ ወዳጅ አለኝ። ልጁ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ሰሞኑን አንድ የ«ማነቃቂያ» ስብሰባ ሄዶ ሲመለስ «አባዬ፣ ትምህርቱን ላቋርጥ ነው» አለው። ለምን ቢባል ተናጋሪው «ቢል ጌትስ ከዜሮ ተነስቶ፣ ኮሌጅ ጥሎ ወጥቶ፣ ብቻውን ዶስን ፈጠረ፤ እናንተስ ምን ትጠብቃላችሁ?» ብሏላ! አባት በቀን 14 ሰዓት መሪ ጨብጦ የሚከፍልበት ትምህርት በአንድ የውሸት ዓረፍተ ነገር ገደል ሊገባ ነው።

«አንተ ታነባለህ፣ እባክህ ምከርልኝ» አለኝ። መከርኩት። ይሄ ተረት የገባው እሱ ቤት ብቻ ስላልሆነ ለእናንተም ልጻፈው።

እኔ ፕሮፌሰር አይደለሁም። ከአገር ከመውጣቴ በፊት አዲስ አበባ ዶስ፣ ዎርድፐርፌክትና ሎተስ ተምሬ ሰርተፊኬት የያዝኩ ሰው ነኝ። ጥቁሩ ስክሪን ላይ «ዲር» ብለን ጽፈን ኢንተር ስንመታ የፋይሎቹ ዝርዝር ሲወርድ፣ «ይሄ ቢል ጌትስ የሚባል ሰው ጉድ ነው!» እንል ነበር። ለካ ትእዛዙ የሱ አልነበረም። እኛ እስከ ሰባት ቤት ዘር መቁጠር እናውቅበት የለ? ኑ፣ የዶስን ዘር እንቁጠር።

አያት፦ ማሳቹሴትስ ውስጥ ዴክ የሚባል ኩባንያ ነበር። ፒዲፒ-10 የሚባል፣ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚጠቀምበት ትልቅ ኮምፒውተር ሠራ። «ዲር» የሚለው ትእዛዝ እዚያ ማሽን ላይ ነበር።

አባት፦ ጋሪ ኪልዳል ይባላል። የተወለደው እዚሁ ሲያትል ነው። በ1972 ከዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዋሺንግተን በኮምፒውተር ሳይንስ ዶክትሬቱን ያዘ። ካሊፎርኒያ፣ ሞንተሬይ በሚገኘው የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት እያስተማረ በ1974 ሲፒኤም የሚባል ኦፕሬቲንግ ሲስተም ለትንንሽ ኮምፒውተሮች ጻፈ። የትእዛዞቹን አጻጻፍ ከዴክ ማሽን ወረሰ። የራሱ ትልቅ ሥራ ደግሞ ይሄ ነው፦ ከማሽኑ ጋር በቀጥታ የሚነጋገረውን ክፍል ለብቻው ለየና ባዮስ አለው። ለኛ ለሹፌሮች ሲገባን እንዲህ ነው። ከካምሪ ወርደህ ሲዬና ላይ ስትወጣ ሞተሩ ሌላ ነው፤ ነዳጅና ፍሬኑ ግን ያው ቦታቸው ናቸው፤ እንደገና መንጃ ፈቃድ አታወጣም። ኪልዳልም አንድ ጊዜ የተጻፈ ፕሮግራም በተለያየ ኩባንያ ማሽን ላይ እንዲሠራ አደረገ። ባለቤቱ ዶርቲ አብራው ሆና ዲጂታል ሪሰርች የሚባለውን ኩባንያ አቋቋሙ።

ልጅ፦ አሁን ወደ ሰፈራችን ልመልሳችሁ። ከኤርፖርቱ ወጣ ስትሉ ያለችውን ታክዊላን የማያውቅ የሲያትል ሹፌር የለም። እዚያ ሲያትል ኮምፒውተር ፕሮዳክትስ የሚባል ትንሽ ድርጅት ነበር። ኢንቴል 8086 የሚባል አዲስ ቺፕ የተገጠመበት ካርድ ሠርቷል፤ ለዚህ ቺፕ የሚሆነው ሲፒኤም ግን ዘገየበት። ድርጅቱ ውስጥ የሚሠራው ወጣቱ ቲም ፓተርሰን መጠበቅ ሰለቸውና ሚያዝያ 1980 የራሱን መጻፍ ጀመረ። ስሙንም ኪውዶስ አለው፤ የጥድፊያ ሥራ እንደማለት ነው። ያ ነው በኋላ ዶስ የሆነው!

አሳዳጊ፦ ማይክሮሶፍት። አይቢኤም ለአዲሱ ፒሲው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሲፈልግ መጀመሪያ ኪልዳል ቤት ሄዶ ነበር፤ አልተስማሙም። ማይክሮሶፍት ግን ታኅሣሥ 1980 የፓተርሰንን ሥራ የመሸጥ ፈቃድ በ25,000 ዶላር አገኘ። ሐምሌ 1981 ደግሞ 50,000 ጨምሮ ጠቅልሎ ገዛው። በመጀመሪያው ውል ጊዜ ሻጮቹ ከጀርባ ያለው ደንበኛ አይቢኤም መሆኑን አያውቁም ነበር። ነሐሴ 12 ቀን 1981 ፒሲው ገበያ ወጣ። ቢል ጌትስ ዶስን ለሌሎች ኩባንያዎችም የመሸጥ መብቱን ለአይቢኤም አልሰጠም፤ ሀብቱ የመጣው ከዚያች አንቀጽ ነው።

እዚህ ላይ ደግሞ ሌላኛው ወገን ብድግ ይላል። «አላልንም? ሌባ ነው!» ቆይ ወንድሜ፣ አንተም አትቸኩል።

አዎ፣ ፓተርሰን የሲፒኤምን ማኑዋል ተከትሏል። ምሳሌ ልስጣችሁ። በሲፒኤም ፕሮግራሙ «9 ቁጥር» ብሎ ሲጠራ ጽሑፍ ስክሪን ላይ ይወጣል፤ የጽሑፉ ማብቂያ የዶላር ምልክት ነው። በዶስም ያው 9 ቁጥር፣ ያው ዶላር! ይህን ያደረገው ለሲፒኤም የተጻፉ ፕሮግራሞች በቀላሉ ወደሱ እንዲዛወሩ ነው። ማለትም ነዳጅና ፍሬኑን እነበሩበት ቦታ ተወ። ሞተሩ ግን ሌላ ነው። ፋይል የሚያስቀምጥበትን ዘዴ የወሰደው ከኪልዳል ሳይሆን ከማይክሮሶፍት ቤዚክ ነበር። በ2012 ቦብ ዛይድማን የሚባል የሶፍትዌር መርማሪ የሁለቱን ኮድ አስተያይቶ የተቀዳ ነገር አላገኘሁም ብሏል። ስለዚህ «ብቻውን ፈጠረ» ውሸት ነው፤ «ሰረቀ» የሚለውም ያልተረጋገጠ ክስ ነው። እውነቱ ውርስ ነው፤ ልጅ ከአባት፣ አባት ከአያት።

«ከዜሮ» የምትሉት ሰዎችስ? ቢል ጌትስ የጠበቃ ልጅ ነው። ሌክሳይድ የሚባለው የግል ትምህርት ቤት በ1968 የኮምፒውተር ተርሚናል ሲያስገባ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ነበር፤ ከትልቅ ማሽን ጋር ያኔ ተዋወቀ። ቤዚክን ከፖል አለን ጋር የጻፈው ሃርቫርድ በነበረው የዴክ ፒዲፒ-10 ላይ ነው። አያትየውን አስታወሳችሁት? ከሃርቫርድ የወጣውም ሥራውን የሚገዛ ድርጅት ካገኘ በኋላ ነው። ጎበዝ አይደለም አላልኩም። ጎበዝ ነው! ዜሮ ግን አልነበረም።

ልጁን ታክሲዬ ውስጥ አስቀምጬ በታክዊላ በኩል ስናልፍ ይህን ሁሉ ነገርኩት። ከዚያ ጠየቅሁት፦

«ዶስን የጻፈው ፓተርሰን የት እንደተማረ ታውቃለህ?»

«አላውቅም፣ ጋሼ።»

«ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዋሺንግተን። በ1978 ተመረቀ። አባትየው ኪልዳልስ?»

ዝም አለ። ገብቶታል። እሱ ጥዬ እወጣለሁ የሚለው ትምህርት ቤት እኮ ነው!

እናንተ መድረክ ላይ የምትወጡ ሰዎች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ለልጆቻችን የሰው ታሪክ ስትነግሩ ሙሉውን ንገሩ። ኪልዳል በ1994፣ በ52 ዓመቱ አረፈ፤ ስሙን የሚያውቀው ስንቱ ነው? ዛሬ ላፕቶፕህን ስትከፍት የምታያት «ሲ» የምትለው የዲስክ ፊደል እንኳ በሱ ሲፒኤም በኩል የመጣች ናት። የሠራውን ሰው ረስታችሁ የሸጠውን ብቻ ስታወድሱ፣ ልጁ መሥራትን ንቆ መሸጥን ብቻ ይመኛል። የሚሸጠውን ማን ይሥራለት?

ልጁ አልተወም፤ ሰኞ ክፍል ገብቷል። አባቱ ደውሎ ምሳ ጋብዞኛል። ሰልፉም ተንቀሳቀሰ፣ ተራዬ ደርሷል። የማትስማሙ በጨዋ ደንብ ተከራከሩኝ፤ ኮሌጅ ልጅ ላለው ወዳጃችሁ ግን ሼር አድርጉለት። ሰላም ዋሉ!