ቴርሞሜትሩ የሚያነበው የምኑን ሙቀት ነው?

የልብ ምት ሥርዓቱን ስቶ ሲዛባ ከሚሰጡት ሕክምናዎች አንዱ አብሌሽን ይባላል። ካቴተር የተሰኘ ቀጭን ቱቦ ከብሽሽት በደም መልስ በኩል እስከ ልብ ይዘልቃል፤ በጫፉ ያለው ኤሌክትሮድም የተዛባውን የኤሌክትሪክ ምልክት የሚያመነጨውን ወይም የሚያስተላልፈውን ጥቂት ሥጋ አሙቆ ያመክነዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 ሚሼል ሃይሳጌርና የቦርዶ ባልደረቦቻቸው፣ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የተባለው መዛባት ብዙውን ጊዜ የሚቀሰቀሰው ከሳንባ ወደ ልብ ደም በሚመልሱት ሥሮች ውስጥ መሆኑን ካሳዩ ወዲህ ሕክምናው በዓለም ተስፋፍቷል።

ይሁን እንጂ ሕክምናው ከአደጋ ነጻ አይደለም። የልብ ግድግዳ ሊበሳ፣ የረጋ ደም ወደ አንጎል ሊሄድ፣ ሙቀቱም ጎረቤት አካልን ሊጎዳ ይችላል። በዓለም አቀፍ ጥናቶች የተመዘገበው የከባድ ጉዳት መጠን እ.ኤ.አ. በ2005 ከመቶ 6፣ በ2010 ደግሞ 4.5 ያህል ነበር። አደጋውን የሚቀንሰው የበለጠ ኃይል ሳይሆን የተሻለ ልኬት ነው ብለን እናምናለን። ልኬት የሚጠቅመው ግን መሣሪያው በእርግጥ የሚለካው ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ሲኖር ብቻ ነው።

ነገሩን ከምናውቀው ፊዚክስ እንጀምር። ከትንሽ ኤሌክትሮድ የሚወጣ ጅረት በዙሪያው ይበተናል፤ በመሆኑም በአንድ ስፋት ላይ የሚያልፈው ጅረት በርቀቱ ካሬ ልክ ይሳሳል። የሚፈጠረው ሙቀት ደግሞ የዚህ ጅረት ካሬ ስለሆነ በርቀቱ አራተኛ ርቢ ይቀንሳል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ 16 ጊዜ ያንሳል። ስለዚህ ጅረቱ በቀጥታ የሚያሞቀው ስስ ንጣፍ ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ ጠልቆ ያለው ሥጋ የሚሞቀው ሙቀቱ ቀስ በቀስ ሲተላለፍለት ነው። ማብሪያው ከጠፋ በኋላም በጥልቀት ያለው ሙቀት ለጥቂት ጊዜ መጨመሩን ይቀጥላል።

ቀድሞ ሐኪሞች በኤሌክትሮዱ ጫፍ ባለ ቴርሞሜትር ይመሩ ነበር። ጫፉ ከመጠን በላይ ሲግል ደም እየረጋ ስለሚለጠፍበት፣ የጨው ውኃ እያፈሰሰ ጫፉን የሚያቀዘቅዝ ካቴተር ተሠራ። መፍትሔው መልካም ነበር፤ ነገር ግን ቴርሞሜትሩ ከዚያ ወዲህ የሚያነበው በውኃ የቀዘቀዘውን ብረት እንጂ የሥጋውን ሙቀት አይደለም። ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ሙቀቱ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢደርስ ውኃው ይተናል፤ እንፋሎቱም ሥጋውን ሊፈነዳው ይችላል። መሣሪያው አልተበላሸም፤ የተለወጠው የንባቡ ትርጉም ነው።

ስለዚህ ሌሎች ልኬቶች ተጨመሩ። የሥጋው የኤሌክትሪክ መቋቋም አቀናነስ ይታያል፤ ካቴተሩ ግድግዳውን የሚጫንበት ግፊት በግራም ይለካል፤ በአንዳንዶቹ ካቴተሮች ይህ የሚሆነው በኦፕቲካል ፋይበር ውስጥ በሚሄድ ብርሃን ነው። ግፊቱ ቢያንስ ቃጠሎው ይጎድላል፤ ቢበዛ ግድግዳው ይበሳል። ከልብ ጀርባ ያለው የምግብ ቧንቧ ከልቡ የሚርቀው በጥቂት ሚሊሜትር ሲሆን፣ በሁለቱ መካከል ቀዳዳ መፈጠሩ ብርቅ ቢሆንም ብዙውን ጊዜ ለሞት ያበቃል። በዚህ ምክንያት በቧንቧው ውስጥ ቴርሞሜትር ይገባል፤ ያም ቢሆን የሚነግረን ባለበት ነጥብ ያለውን ሙቀት ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 በአሜሪካ የመጀመሪያ ፈቃድ ያገኘው አዲስ ስልት፣ በሙቀት ፈንታ እጅግ አጫጭር በሆኑ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ምቶች የሕዋሳትን ሽፋን ይበሳል። የልብ ጡንቻ ከምግብ ቧንቧው ይልቅ በእነዚህ ምቶች በቀላሉ ስለሚጎዳ የቧንቧው ስጋት በእጅጉ ቀንሷል። ሆኖም ምቶቹ ሲበዙ ቀይ የደም ሕዋሳት ፈርሰው ኩላሊትን ሊጎዱ፣ የልብ ደም ቅዳዎችም ሊኮማተሩ እንደሚችሉ ታይቷል። ይህን ስልቱን ለማጣጣል አናነሣውም፤ አንዱ አደጋ ሲዘጋ ሌላው የት እንደሚከፈት መፈለግ እንደሚገባ ለማሳየት እንጂ።

ውድ ተማሪዎች፣ በቤተ ሙከራ ቁጥሩን መዝግቦ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ማለፍ የተለመደ ነው። እኛ የምንለው፣ ቁጥሩን ከመጻፋችሁ በፊት የምን ቁጥር እንደሆነ ጠይቁ ነው። የፊዚክስ ትምህርትም ከቀመሩ ይልቅ ለዚህ ጥያቄ ማርክ መስጠት አለበት። በቤተ ሙከራ ይህን አለመጠየቅ ጥቂት ማርክ ያሳጣል፤ ካቴተሩ ልብ ውስጥ ሲሆን ግን የሚጠፋው ሕይወት ነው።